ለማያውቁት ሙሽራ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ አዛውንቱ የኔታ፣ ልጅቷ ጥያቄዋን በቅጡ ሳትጨርስ። የጠየቀቻቸው ቀላል ነገር ነበር። መሥሪያ ቤቴ ያለው ህንድ ሊያገባ ነው፤ ለሠርጉ ምን ስጦታ ብወስድለት ይሻላል? እሳቸው ግን ለቀላል ጥያቄ ቀላል መልስ መስጠት አይወዱም። እንዲህ ሲሉ ቀጠሉ።

ሰውየው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ቀማሚ ነበር። ዓይኑ የተመሰገነ ነው። ሁለት ሰማያዊ ጨርቆች ፊቱ ቢዘረጉ የትኛው ትናንት፣ የትኛው ዛሬ እንደተነከረ ሳይነካ ይለያል። በዚያች ጠባብ የቀለም ክፍል አብሮት የሚሠራ ህንዳዊ ነበር። ሦስት ዓመት አብረው ሲሠሩ ተጣልተው አያውቁም። ቀለም ሲበላሽ አንዱ የሌላውን ጥፋት ይሸፍናል፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ደርቦ ይሠራል።

አብረው በልተው ግን አያውቁም። ሰውየው ጾመኛ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ እሱ ክፍሉ ውስጥ ይቀርና የጾሙ ሰዓት ሲደርስ ምግቡን ያወጣል። የሚገርመው፣ ህንዳዊውም በእነዚያ ቀናት አይወጣም። እሱም እንዲሁ ቆይቶ ምስሩን ያወጣል። ሰውየው ይህን ባየ ቁጥር በልቡ «መቼም ህንድ ሥጋ አይበላም» ይላል። በሌላው ቀን ህንዳዊው ምን እንደሚበላ አይቶ አያውቅም፤ በሌላው ቀን እሱ ራሱ ከጓደኞቹ ጋር ሥጋ ቤት ነው። ደግሞም «ለጣዖት የቀረበ ይሆን?» ብሎ ስለሚጠራጠር፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ጀርባውን ሰጥቶት ይበላል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ይወደዋል። መጠየቅ ግን ነውር መሰለው። ከመጠየቅ ደጃዝማችነት ይገኛል ይባላል፤ እሱ ሹመቱም ይቅርብኝ ብሎ ዝም አለ።

አንድ ቀን ህንዳዊው ሊያገባ መሆኑን ነገረው። ሙሽራዪቱ በዚሁ ከተማ የምትሠራ የአገሩ ልጅ ናት።

«በእናንተ አገር ሙሽራ ያለ ሚዜ አይቆምም ሲሉ ሰምቻለሁ» አለው። «የእሷ ወገኖች ይመጣሉ። የእኔ ግን አባቴ ሞቷል፣ እናቴ መንገድ አትችልም፣ ወንድም የለኝም። ጠዋት ከጎኔ ትቆምልኛለህ? መኪና እልክልሃለሁ።»

ሰውየው እሺ አለ። እሺታው ግን ከአንገት በላይ ነበር። ቤቱ ሲገባ ጭንቅ ያዘው። «ምን ዓይነት ቤተ ጣዖት ሊያስገባኝ ነው? ስገድ ቢለኝስ?» እያለ ተንቆራጠጠ። እንዳይቀር ደግሞ፣ ወንድም የሌለውን ሰው በሠርጉ ቀን ብቻውን ማቆም ሆነበት። በመጨረሻ ቆረጠ። ይሄዳል፣ ከጎኑ ይቆማል፣ አይሰግድም። ስጦታው ግን የሙሽራውን ልብ ደስ የሚያሰኝ እንዲሆን ፈለገ። የህንድ ዕቃ ወደሚሸጥ ነጋዴ ሄዶ ህንዶች ይሰግዱለታል የተባለ፣ የዝሆን ራስ ያለው የነሐስ ምስል ገዛ። ለራሱ ቢሆን ደጁን የማያስረግጠውን ነገር ለወዳጁ ሲል ገዛው። ሚስቱ እንዳታይበት በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ደበቀው። ለጸሎት ሲቆም ከላይ ሆኖ የሚያየው እየመሰለው ዳዊቱን እየሳተ ተቸገረ። አንዲት ጥያቄ ብትጠየቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ሥቃይ ይቀር ነበር።

የሠርጉ ዕለት መኪናው ማልዶ መጣ። ሰውየው ጥቅሉን አቅፎ ገባ። ሹፌሩ ነድቶ ነድቶ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አቆመ።

«ተሳስተሃል ወንድሜ» አለው ሰውየው። «እኔ የምሄደው ወደ ህንዶቹ ሠርግ ነው።»

«አልተሳሳትኩም ጋሼ። ውስጥ ናቸው። ሙሽራው ሚዜዬ ሳይመጣ አይጀመር ብሎ ካህናቱን እያስጠበቀ ነው፤ ቶሎ ይግቡ።»

ሰውየው ወርዶ በበሩ ወደ ውስጥ አየና ክው ብሎ ቀረ። ጫማዎች በደጃፉ ተደርድረዋል። ሴቶቹ የሳሪ ልብሳቸውን ጫፍ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ከአገራቸው የመጣ የኦርቶዶክስ ካህን ከእኛው ካህናት ጋር መስቀል ይዞ ቆሟል። ዜማው በማያውቀው ቋንቋ ነው፤ የሚያማትቡት ግን እሱ በሚያማትብበት መስቀል ነው። ሙሽራው ፊት ለፊት ቆሟል። በቀኙ ያለው ቦታ ባዶ ነው። በየመሃሉ ዞር እያለ በሩን በሩን ያያል።

ሰውየው መጀመሪያ የደነገጠው በያዘው ነገር ነበር። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጣዖት አቅፎ የቆመ ጾመኛ! ላብ አጠመቀው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አለ። ቀጥሎ የመጣው ድንጋጤ ግን የባሰ ነበር። ረቡዕ ታየው። ዓርብ ታየው። የእሱ የጾም ሰዓት ሲደርስ ብቻ የሚከፈተው የህንዳዊው ምስር ታየው። ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንዲት ክፍል አንድ ጾም ሲጾሙ ኖረዋል፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ።

ሹፌሩ ቀረብ አለና «ስጦታውን ይስጡኝ፤ ለሙሽራው አደርስልዎታለሁ» አለው።

«ለሙሽራው አይደለም» አለ ሰውየው።

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለማላውቀው ሰው ነበር የገዛሁት። መኪናው ውስጥ ይቆይልኝ።»

ሹፌሩ ምንም አልገባውም። ሰውየው ጫማውን አወለቀ፤ ባዶ እጁን ገብቶ በሙሽራው ቀኝ ቆመ። ሙሽራው ሲያየው ፊቱ በራ። እንደ አገራቸው ልማድ ትንሽ የወርቅ መስቀል ያለበትን ክር በሙሽራዪቱ አንገት ሲያስር ቋጠሮው ቢያስቸግረው፣ ሰውየው ክንዱን ደገፍ አደረገለት።

ከዚያ ወደ ግብዣው ሄዱ። ሰውየው ከሙሽራው አጠገብ ተቀመጠ። ወንበሩን ወደ እሱ አዞረና ከሙሽራው ሳህን ቆርሶ ጎረሰ። አሁን የመደንገጥ ተራው የሙሽራው ሆነ። እጁ አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

«ከእኔ ጋር ትበላለህ እንዴ?» አለ።

«ለምን አልበላም?»

«ጾማችሁ ከባዕድ ሰው ጋር መብላት የሚከለክል መስሎኝ ነበር። ስንቴ ና እንብላ ልልህ አሰብኩ መሰለህ። ጀርባህን ሳይ፣ ጾሙን አስፈርሰዋለሁ ብዬ ፈርቼ ተውኩት።»

በሰው ሠርግ፣ ዘፈኑ ደምቆ፣ ሰው ሁሉ እያጨበጨበ፣ ሰውየው ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

በማግስቱ ምስሉን ይዞ ወደ ነጋዴው ተመለሰ። ነጋዴው በሁለት እጁ ተቀበለው፤ ጨርቁን ፈትቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ከፍ ካለ ቦታ በክብር አስቀመጠው። ሰውየው ያኔም አፈረ። ሌሎች ይህን ያህል የሚያከብሩትን ነገር ነበር እንደ ተሰረቀ ዕቃ ሲደብቀው የከረመው።

አዛውንቱ እዚህ ላይ አቆሙና ልጅቷን አዩዋት።

«የእኔው ግን ክርስቲያን አይደለም፣ የኔታ» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ህንድ ነዋ!»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ራሷ ደነገጠች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። አዛውንቱ አልሳቁባትም።

«ምናልባት እውነትሽን ይሆናል፣ ልጄ» አሉ። «ምናልባት ያ የነሐስ ምስል ለእሱ የሚገባው ስጦታ ይሆናል። ነገሩ ክርስቲያን ሆኖ መገኘቱ አይደለም። ግምቱ ልክ ሆኖለት ቢሆን እንኳ፣ ስጦታውን የገዛው ጀርባውን ሰጥቶ ላላወቀው ሰው ነው። ያ ሙሽራ ያንቺው ባልደረባ ነው፤ ቀለም እየለየ ሰው ያልለየው ደግሞ አንቺ ነሽ። ከመጣሽ ጀምሮ ስለ ዕቃ ጠየቅሽኝ፤ የሰውየውን ስም እንኳ አልጠራሽልኝም። እኔ ህንድ አገርን አላውቅ፣ ምን ልንገርሽ? ለመሆኑ ሠርጉ መቼ ነው?»

«የሚመጣው ሳምንት።»

«እንግዲያውስ አልረፈደም። ነገ በምሳ ሰዓት ወንበርሽን ወደ እሱ አዙሪና አብረሽው ብዪ። ምን እንደምትወስጂለት የዚያን ጊዜ እኔን መጠየቅ አያሻሽም።»