የተጠባባቂው በረኛ ካርድ

«ጋሽ ዘርጋው፣ የሰጠሁት ነገር ኋላ ከቆጨኝ፣ ከመጀመሪያውም አልሰጠሁም ማለት ነው?» ስትል ትርንጎ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ዘርጋው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ነገር ሲከብደው ከደጃቸው አይጠፋም። መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሏት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ካርድ ይሰበስባል። የቁማር ካርታ አይደለም፣ ፊትሽን አትቋጥሪ። ድሮ ከማስቲካ ጋር እየታሸገ ይመጣ የነበረውን፣ የኳስ ተጫዋች ፎቶ ያለበትን ትንሽ ካርድ ማለቴ ነው። ማስቲካውን ትገዢያለሽ፤ ማን እንደሚወጣልሽ ግን ሳትከፍቺው አታውቂም። ጓደኞቹ ሲያድጉ ተዉት፤ እሱ ሲያድግ ባሰበት። አገባ፣ ወለደ፣ ጸጉሩ ሸበተ፤ ካርዶቹ ግን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በየቡድናቸው ታስረው፣ ከአልጋው ራስጌ አይለዩም ነበር። ሚስቱ «ቤቱ ቢቃጠል ቀድመህ የምታወጣው ማንን ነው?» ስትለው ቆርቆሮውን እያየ ይስቃል።

ሰብሳቢዎች አንድ የጋራ ሞኝነት አላቸው። ለአጥቂው፣ ለጎል አግቢው፣ ስሙ ለተጠራው ይሳሳሉ፤ የማይታወቀውን ይንቁታል። ተጠባባቂ በረኛ የወጣለት ልጅ ማስቲካውን እንኳ እያማረረ ነው የሚያኝከው። ካርዱን ወይ ይጥለዋል፣ ወይ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ እግር ሥር ይሸጉጠዋል። ይህም ሰው ከእነሱ የተለየ አልነበረም። የከተማው ቡድን ተጠባባቂ በረኛ ካርድ አንድ ነበረው፤ ያስቀመጠውም ቡድኑ እንዳይጎድል ብሎ ብቻ ነው።

በረኛው ራሱ ኳስ ካቆመ በኋላ የጋራዥ ዘበኛ ሆኖ ኖረ፤ ኋላም ሞተ። ጎረቤት ነውና ሰውየው ለልቅሶ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ነገር ጎድሎ አየ፤ የሟቹ ፎቶ የለም። እንደምታውቂው፣ ፎቶውን ይዞ የሚያዞር ሰው ከሌለ ልቅሶው አይወጣም። የመታወቂያው ፎቶ ማኅተም አርፎበት ፊቱ ጠፍቷል። የበረኛው ልጅ፣ ትልቅ ሴት ናት፣ «አባቴን የምይዝበት አንድ ምስል አጣሁ!» እያለች ደረቷን ትደቃለች።

ሰውየው ቤቱ ሄዶ ካርዱን አምጥቶ ሰጣት። ምንም አልከበደውም። ፎቶ ቤት ወስደው አሳደጉት፤ በማግስቱ በረኛው ወጣት ሆኖ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ በአልቃሾች መሃል ከፍ ብሎ ዞረ። ያልተለቀሰው ልቅሶ ያኔ ተለቀሰ። ሰው ሁሉ ሰውየውን መረቀው፤ እሱም «አሜን፣ አሜን» እያለ ተቀበለ። ልብ በይ ትርንጎ፤ የጠረጴዛ እግር መደገፊያ ሰጥቶ የሰፈር ሙሉ ምርቃት ወሰደ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ሀብታም ሰው የድሮ ካርዶች እንዳሉት ሰምቶ ቤቱ ድረስ መጣ። ቆርቆሮውን ከፍቶ አንድ በአንድ ሲያይ ልጅነቱ መጣበትና እንባው አቀረረ። በመጨረሻ «ተጠባባቂ በረኛው የታለ?» አለ። ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሀብታሙ አልሳቀም።

«አጥቂውንማ ሁሉም ስላስቀመጠው በየቤቱ ሞልቷል። በረኛውን ግን ሁሉም ስለጣለው የለም። እሱን ካገኘህልኝ ሁሉንም አንድ ላይ እገዛለሁ፤ በገንዘቡ ቤትህን አፍርሰህ ትሠራለህ። ያለ እሱ ግን አልፈልገውም» ብሎት ሄደ።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? የዚያ ሰው ቤት ጣሪያ ደግሞ አርጅቷል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሚስቱ ሳፋ ስትደረድር ነው የምትከርመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣሪያው ጠብ ባለ ቁጥር በረኛው ትዝ ይለው ጀመር። አንጀቱ አረረ። የሰጠበትን ቀን ረገመ፣ እጁን ረገመ፣ ይቅር ይበለውና ሟቹንም ረገመ። ይበልጥ ያንገበገበው ደግሞ ሌባ አለመስረቁ፣ አታላይ አለማታለሉ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ሮጦ ነው ያመጣው። ሚስቱ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ተወው በቃ» ብትለውም አልሰማትም።

በመጨረሻ ወደ በረኛው ልጅ ቤት ሄደ። መንገዱን ሙሉ የሚለውን ሲያሰናዳ ነበር። ትልቁ ፎቶ ግድግዳዋ ላይ አለ፤ ትንሹ ምን ያደርግላታል? ልየው ብዬ እቀበላታለሁ፤ ከዚያ ኪሴ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ሲደርስ ግን «ጠፋሽብኝ ልጄ፤ እንዴት ነሽ ልበልሽ ብዬ ነው» አላት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እሷ ከመቀመጫዋ ተነስታ ጉልበቱን ልትስም ጎነበሰች። «አባባ፣ መምጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለች። ከመዝሙረ ዳዊቷ ውስጥ ካርዱን አውጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችለት። «በዚያ በጭንቅ ቀን አውሰውን፣ ሳልመልስ ይሄን ያህል ዘመን ቆየሁ። መንገድ ላይ ሳይዎት እያፈርኩ እታጠፍ ነበር። እንኩ፣ አባባ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።»

እንግዲህ ተመልከቺ። መለመን የለ፣ መዋሸት የለ፤ እጅን መዘርጋት ብቻ ነው የቀረው። ዘረጋም። ካርዱን ያዘው። ሰብሳቢ ነውና መጀመሪያ ያየው ጠርዙን ነው፤ አልተላጠም፣ አልታጠፈም። ጣሪያው በሁለት ጣቱ መሃል ነበር። ልጅቱ ምንም አታውቅም፤ ሚስቱም ብትሆን እልል ትል ነበር እንጂ አትወቅሰውም።

«ልጄ» አላት። «አላዋስኩሽም። ሰጥቼሻለሁ።» ካርዱን መልሶ መዳፏ ላይ ሲያኖረው ጣቱ ወዲያው አልለቀቀም፤ እሷ ናት ግራ እየገባት ቀስ ብላ ያላቀቀችው። ከዚያ ሀብታሙ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝ፣ ለካርዱ ምን ያህል እንደሚጓጓ አንድም ሳያስቀር ነገራት። «ብትሸጪውም የአንቺ ነው፣ ባትሸጪውም የአንቺ ነው» አለና ወጣ።

ደስ ብሎት ተመለሰ ብዬ አልዋሽሽም። እንባው እየወረደ ነው ቤቱ የገባው። ሚስቱ የሆነውን ስትሰማ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፣ ቀጥላ እሱን አየች፤ ከዚያ ሳፋዋን አስተካከለች።

«ልጅቱስ ሸጠችው?» አለች ትርንጎ።

«አላውቅም። የሰጠ ሰው እሱን አይጠይቅም» አሉ ጋሽ ዘርጋው።

ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «ያ ሰው አንዱን ካርድ ሁለት ጊዜ ሰጠ። በልቅሶው ቀን የሰጠው የናቀውን ነው፤ ምርቃቱን እንዲያው በነጻ ወሰደው። በሁለተኛው ቀን ግን ምን እንደሚሰጥ እያወቀ፣ አንጀቱ እያረረ ሰጠ። ቁጭቱ ባይመጣበት ኖሮ፣ ለጋስ ነኝ እንዳለ ሳይሰጥ ይሞት ነበር። አንቺም፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የስፌት መኪናሽን ለእህትሽ የሰጠሽው ሥራው ቀዝቅዞ፣ መኪናው ቤት አጣቦብሽ በነበረ ጊዜ ነው። ዛሬ በእሱ ሠርታ ሰው ሆነች፤ የሀበሻ ልብስ የሚያሰፋው ሁሉ ደጇ ሲሰለፍ የአንቺ ሆድ ተቃጠለ፤ ሄጄ ላስመልስ ወይ እያልሽ ታድሪያለሽ። መቃጠልሽ ኃጢአት አይደለም፣ ትርንጎዬ። መኪናው ምን እንደሆነ ገና አሁን አየሽው ማለት ነው።»

«እና ሰጥቻለሁ ወይስ አልሰጠሁም?» አለች ትርንጎ፣ መሬት መሬቱን እያየች።

«እስካሁን ዕቃ ከቤትሽ አወጣሽ እንጂ አልሰጠሻትም። ነገ ሂጂ። ስትሰፋ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ተመልከቻትና፣ ያን ጊዜ ስጫት።»