ካርዱ ላይ የማን ስም ይውጣ?

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ነገ ሱቋ ድረስ ሄዳችሁ ፊቷን ታዩታላችሁ። አዳማ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ይህን ብቻ ያዙ። ስሙን ቀይሬ ኤፍራታ የምላት አንዲት ልጅ አለቻት፤ የምታሳድጋት ብቻዋን ነው። የሱቋም ታፔላ «ኤፍራታ ዩኒፎርም ስፌት» ይላል። እኛ አገር ወላጅ ሱቅ ሲከፍት ብዙ አያስብም፤ የልጁን ስም ይሰቅላል። ሴትዮዋ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት፣ ታፔላውን አውርዳ አዲስ ቀለም ታስቀባዋለች። ይህንንም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ይህች ሴት ተጠራጣሪ ነበረች። በዚህ አልወቅሳትም። ጨርቅ ስትገዛ ክር መዝዛ በክብሪት ታቃጥላለች፤ ሽታውን ሳታሸት አትከፍልም። ልብስ ሰፊዎቿ ቁልፍ ሲወስዱ ቆጥራ ትሰጣለች፣ ቆጥራ ትቀበላለች። ነጋዴ ሆና፣ እናት ሆና፣ ብቻዋን ሆና የማትጠራጠር ሴት ካለች አሳዩኝ፤ እኔም ያለባትን ዕዳ አሳያችኋለሁ።

አንድ ሐምሌ ላይ ጨርቅ የምትወስድበት የጅምላ ነጋዴ «ዘንድሮ ዱቤ የለም» አላት። በእጇ የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ትዕዛዝ አለ። ጨርቁን በጊዜ ካላስገባች ትዕዛዙ ወደ ሌላ ሰፊ ይሄዳል፤ ትዕዛዙ ከሄደ ሱቁም አብሮት ይሄዳል። እንቅልፍ አጣች።

በዚያው ሰሞን ናሆም የሚባል የባንክ ሠራተኛ ሱቋ መጣ። ወጣት ነው፤ ከረባት አስሯል፤ ፈገግታው ከእሱ ቀድሞ ይገባል። የባንኩን ስም አልጠራም፤ ከዚህ መድረክ ለማንም ማስታወቂያ አልሠራም።

«እናቴ፣ ሁለት ዓይነት ክሬዲት ካርድ አለን» አላት። «ዕቃ ሲገዙ ባንኩ ይከፍልልዎታል፤ እርስዎ በኋላ ለባንኩ ይመልሳሉ።»

«ባንኩ ለምን ይከፍልልኛል? ዘመዴ ነው?»

«ወለድ ያገኝበታላ።»

«እሱን አስቀድመህ አትናገርም ነበር?»

«እናቴ፣ ገና አፌን መክፈቴ እኮ ነው!»

«ሰው የሚበላው አፍ ሲከፈት ነው። ቀጥል።»

ቀጠለ። አንዱ ካርድ ለድርጅት ነው። ንግድ ፈቃድ ይጠይቃል፣ የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያሳይ ክሊራንስ ይጠይቃል፣ ያመላልሳል። ግን ወለዱ ቀላል ነው፤ የመክፈያ ጊዜውም ረዘም ይላል። ሌላው ለግል ነው። መታወቂያና ፊርማ ይበቃዋል፤ ግን ወለዱ ከባድ፣ ጊዜውም አጭር ነው።

«የቱ ይሻለኛል?»

«ለጨርቁ የድርጅቱ። የግሉን ለቤት ወጪ፣ እሱንም ከቸገረዎት። ሁለቱን እንዳያደባልቁ።»

ሴትዮዋ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። «ለአንተስ የቱ ይሻልሃል?»

ልጁ ሳቀ። «እውነቱን ልንገርዎት? የግሉ። ኮሚሽኑ ጥሩ ነው።»

«ታዲያ ለምን የድርጅቱን ውሰጂ ትለኛለህ?»

«ለእርስዎ ስለሚሻል ነዋ!»

እዚህ ላይ ተሳሳተ። ይህች ሴት ሰው ለጥቅሙ ሲዋሽ ብዙ አይታለች፤ ለእሱ ማስቀመጫ ቦታ አላት። ጥቅሙን ትቶ እውነት የሚናገር ሰው ግን የት ይቀመጣል? ጥርጣሬዋ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ።

ናሆም ነገሩን ሊያጣፍጥ ናሙና አወጣ። «ካርዱ ሲወጣ ይህን ይመስላል። የእርስዎ ስም ከታች፣ የድርጅቱ ስም ከላይ በጉልህ።» ከላይ በጉልህ የተጻፈው «ኤፍራታ» ነበር።

የሴትዮዋ ፊት ጠቆረ።

«ይሄ የልጄ ስም ነው።»

«የድርጅትዎ ስም ነው፣ እናቴ።»

«ልጄ ናት። በልጄ ስም ዕዳ አልገባም!»

«ሕጉ እኮ ኤፍራታ የምትባል ልጅ መኖሯን እንኳ አያውቅም። የሚያየው ንግድ ፈቃዱን ነው።»

«ሕጉ ባያውቃት እኔ አውቃታለሁ። የግሉን አምጣ፤ በእኔ ስም ይሁን። የምሰቃየው እኔ ልሁን።»

ልጁ ሦስት ጊዜ ሊያስረዳት ሞከረ። አልሰማችውም። የግሉን ካርድ አወጣችና ጣቃ ጣቃውን ጨርቅ ገዛችበት።

እዚህ ላይ ላቁምና ልጠይቃችሁ። ምን አጠፋች? አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁን ስትነቀንቁ አይቻለሁ። «እናት ማለት እንዲህ ናት» እያላችሁ ነው። ይህን ከምትሉት አንድም ሰው ወለዱን አስልቷል? ቆዩ፤ አትቸኩሉ።

ጨርቁ መጣ፤ ዩኒፎርሙ ተሰፋ፤ ትምህርት ቤቱ ተረከበ። ክፍያውስ? ዳይሬክተሩ «ወላጆች ሲከፍሉ እንከፍላለን» አላት። ይህ አዲስ አይደለም፤ በየዓመቱ እንዲህ ነው። የድርጅቱ ካርድ ይህን ጊዜ ይታገሣት ነበር። የግሉ አይታገሥም። ወለዱ መቁጠር ጀመረ። አንድ ቀን ሱፐርማርኬት ዘይትና ሳሙና ይዛ ተሰልፋ ካርዱን ስትሰጥ ማሽኑ እምቢ አለ። ገንዘብ ተቀባይዋ «ሌላ ካርድ የለዎትም?» አለቻት። የላትም። ሱቁንና ቤቱን በአንድ ገመድ አስራለች፤ ሱቁ ሲንገዳገድ ቤቱን ጎትቶ ይዞት ሊወድቅ ነው።

በዚህ መሀል ትምህርት ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን ረፋዱ ላይ ኤፍራታ ቦርሳዋን እንዳዘለች ሱቁ በር ላይ ቆመች።

«ምነው? አመመሽ?»

«ከበር መለሱኝ፣ ማሚ።»

«ለምን? ክፍያሽን እኮ ከፍያለሁ!»

«ዩኒፎርምሽ አጥሯል፣ አዲስ አሰፊ ብለው ነዋ።»

ልብ በሉ። ይህ ትምህርት ቤት ያው ደንበኛዋ ነው። በግቢው የሚሮጠውን ልጅ ሁሉ ያለበሰችው እሷ ናት። የኤፍራታ ልብስ ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚሰፋው፤ «እሷ ቤት ናት፣ ትጠብቃለች» ይባላል። ዘንድሮ ደግሞ ጨርቁ ከትዕዛዙ አልተረፈም።

«ዘበኛው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» አለች ልጅቱ። «‹ኤፍራታ የሚባል ዩኒፎርም ቤት አለ፤ በዚህ ቁልቁል ስትሄጂ ታገኚዋለሽ፤ እዚያ ሂጂና ይስፉልሽ› አለኝ።»

ልብስ ሰፊዎቹ ሳቃቸው አመለጣቸው። የእናትየዋን ፊት ሲያዩ ወደ ማሽናቸው አቀረቀሩ።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ሁሉን የማደርገው ለአንቺ እኮ ነው! ስምሽ ዕዳ ውስጥ እንዳይገባ ብዬ የባንኩን ሰው አልሰማ ብዬ፣ በራሴ ላይ...»

«ነግረሽኛል፤ ስሜን ጠብቀሽልኛል። አመሰግናለሁ።» ልጅቱ በጣቷ ወደ ውጭ አሳየቻት። «ታፔላዋ ዘንድሮም አዲስ ቀለም ተቀብታለች። እኔ የአምናውን ቀሚስ ነው የለበስኩት። ጉልበቴን አልሸፈነም። ጠዋት እያየሽኝ ነው የወጣሁት፤ ምንም አላልሽም።»

እናትየዋ ልትናገር አፏን ከፈተች።

«ማሚ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለች ልጅቱ። «ለእኔ ነው? ወይስ በስሜ ነው?»

እናትየዋ አላለቀሰችም። ይህ ቢሆን ለስብከት ይመች ነበር፤ ግን አላለቀሰችም። ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና «ቁሚ» አለቻት። ትከሻዋን ለካች፣ ወገቧን ለካች፣ ቁመቷን ለካች። ሜትሩን ደግማ አየችው። ልጅቱ በቁመት አልፋት ነበር። የአንድ ትምህርት ቤት ልጆችን ሁሉ ልክ በቃሏ የምታውቅ ሴት፣ የልጇን ልክ አታውቅም ነበር። ከዚያ መስኮቱ ላይ ለማሳያ የተሰቀለውን ዩኒፎርም አወረደች፤ ስፌቱን ፈታችና ለልጇ ልክ እንደገና ሰፋችው።

ሲያልቅ ለናሆም ደወለች።

«ያንን የድርጅት ካርድ አምጣልኝ።»

«እናቴ! ስሙስ?»

«ስሙ የሱቅ ነው። ልጄ እዚህ አጠገቤ ቁጭ ብላለች።»

ናሆም ሂሳቧን ከፍቶ አየ። ከዚያ «የግሉ ዕዳ ሳይዘጋ አይፈቅዱልዎትም» አላት። «ሐምሌ ላይ ቢሆን ኖሮ...»

«አውቃለሁ። ነግረኸኝ ነበር።»

ዕዳውን ለመዝጋት የልብስ ጠርዝ የሚመታውን ኦቨርሎክ ማሽኗን ሸጠች። ተአምር የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ፤ ማሽኑ አልተመለሰላትም። ሱቁ ተረፈ፤ ግን ዓመቱን ሙሉ የልብሱን ጠርዝ በሰው ሱቅ እየከፈለች አስመታች። ታሪኩ ይኸው ነው።

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ይላል ያገራችን ሰው። ይህች ሴት ጠርጥራለች። ባንኩን ጠረጠረች። ከረባቱን ጠረጠረች። እውነቱን ሲነግሯት እውነቱን ጠረጠረች። የሰውን ገንፎ ሁሉ በጣቷ በረበረች፤ ራሷ ያገነፋችውን ግን ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው። ስንጥሩ የት ነበር? «ለልጄ ብዬ ነው» የሚለው ውስጥ ነበር።

ይህ ቃል ፍተሻ አያውቀውም። ሻንጣው ሳይከፈት እንደሚያልፍ ባለሥልጣን ነው። ማን ያስቆመዋል? «ለልጄ ብዬ ነው» ያለች እናት ፊት ቆሞ «እስቲ ይከፈት» የሚል ማን ነው? እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ይከፈት። «ለእገሌ ብዬ ነው» የሚል ሰው ስሰማ ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ ነው የምይዘው። ይህን የምለው እኔ ራሴ ስሆን ደግሞ በሁለት እጄ።

አባቶች፣ እናንተ የት ናችሁ? «ለቤተሰቤ ብዬ ነው» እያላችሁ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ የምትገቡ? ልጃችሁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ አሁን ብጠይቃችሁ ጎናችሁ ያለችውን ሚስታችሁን አታዩም? እናንተ አገልጋዮችስ? «ለጌታ ቤት ብዬ ነው» እያላችሁ በቤቱ ያለውን ሰው ሰላም የማትሉ?

ከዚህ እስከ መናኸሪያው ድረስ ስትሄዱ ታፔላ አንብቡ። የጌታ ስም ያልተጻፈበት ጋራዥ ታገኛላችሁ? ዳቦ ቤትስ? በጉልህ ጽፈነዋል፤ በየዓመቱ ቀለም እናድሰዋለን። ማንም ቢነካው እንጣላለታለን። ግን ለእሱ ነው? ወይስ በስሙ ነው? እሱ በተራበው በኩል መጥቶ ከበራችን ላይ ሲቆም፣ ዘበኛችን «በዚህ ቁልቁል ሂድ፤ በስምህ የተከፈተ ቤት አለ» እያለ አልመለሰውም?

ስሙን መጠበቅ ቀላል ነው፣ ወገኖቼ። ስም አይርበውም። ስም ቁመት አይጨምርም። ስም ከትምህርት ቤት በር ተመልሶ መጥቶ ፊታችሁ አይቆምም። ለዚህ ነው ከባለቤቱ ይልቅ ስሙን የምንወደው።

ነጋዴ እናቶች፣ ካርዱንም ነገር አልተውኩትም። የሱቁን ለሱቅ፣ የቤቱን ለቤት አድርጉ። ስትመርጡ ወለዱን ጠይቁ፤ መክፈያው መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ካርዱ ላይ የሚወጣውን ስም አትጠይቁ። ፍቅር ወለድ አይቀንስም። ፍቅራችሁን ባንክ አታስገቡት፤ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው አለ።

አሁን እንሂድ። ቤት ስትደርሱ በስሙ የምትለፉለትን ሰው ጥሩና አቁሙት። ሜትር ከመዘርጋታችሁ በፊት ልኩን በቃላችሁ ንገሩት። ከዚያ ለኩት።

ካልገጠመ፣ እስከ ዛሬ ስትቀቡ የኖራችሁት ታፔላ ነው።