ማንጠግቦሽ እና ለብ ያለው ውሃ

ነገሩ የሆነው ይህ የተጠለላችሁበት ዋርካ ገና በወፍ ሆድ ውስጥ ዘር ሳለ ነው። ያኔ ፍልቂት በምትባል መንደር ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ነበረች። ርስት የላት፣ ማዕረግ የላት፤ ሥራዋ የፍል ውሃውን ገንዳዎች መጥረግ፣ በሽተኛ ደግፎ ማስገባት ነበር።

ገንዳዎቹ ሦስት ነበሩ። አንዱ ለብ ያለ፣ አንዱ ሞቅ ያለ፣ አንዱ የሚለበልብ። ነቀርሳ የወጣበት ሰው መጀመሪያ ለብ ባለው ይሰነብታል። ቀጥሎ ሞቅ ባለው ይሰነብታል። መጨረሻ ላይ የሚለበልበው ውስጥ ይገባል። «ገላ ካልለመደ አይችልም» ይሉ ነበር። ርኅራኄ ነው እንግዲህ። ታዲያ የሚድነው ጥቂት፣ የሚሞተው ብዙ ነበር። ለምን ሲባል «እንደ ዕድሉ ነው» ይባላል። የማንጠግቦሽ ባል አድማሱም በዚሁ ነቀርሳ ሲሞት እንደ ዕድሉ ተባለ። እሷ ይህችን «እንደ ዕድሉ» አትወዳትም ነበር። እኔም አልወዳት፤ የሰነፍ ምርኩዝ ናት።

አንድ ቀን የዳቦ እርሾዋ እንዲነሣላት በቅል ውስጥ ከድና ለብ ባለው ገንዳ ዳር አሳደረችው። በማግስቱ ስትጠርግ ቅሉን እግሯ መታው፤ ተንከባሎ የሚለበልበው ውስጥ ገባ። ስታወጣው ቅሉ እጅ አያስነካም። እርሾ በእንዲህ ያለ ሙቀት እንደሚሞት የማያውቅ የለም። ድሃ ናትና መድፋት አልሆነላትም፤ አቦካችበት። ጠዋት ሊጡ ከቡሃቃው ሞልቶ ፈሶ አገኘችው። ክው አለች። ሌላ እርሾ ለሁለት ከፍላ ግማሹን በቀጥታ የሚለበልበው ውስጥ ከተተችው፤ ሞተ። ግማሹን ለብ ባለው አቆይታ ከተተችው፤ አልሞተም። ደገመችው፤ አልሞተም። ሠለሰችው፤ አልሞተም። ለብ ያለው ውሃ እርሾውን ሙቀት መቻል አስተምሮታል።

ሰነባብታ ጎረቤቷ ሁለት አህዮች አመጣላት። የሁለቱም ቁርጭምጭሚት ላይ ክፉ እብጠት ወጥቷል። አንዷን እንደ ወጉ አላመደቻት። ሌላዋን በቀጥታ የሚለበልበው ውስጥ አቆመቻት። በቀጥታ የገባችው እብጠቷ ጠቆረ፣ ደረቀ፣ ወደቀ። የለመደችው እብጠቷ ግን የሚለበልበው ውሃ ምንም አላለውም፤ እንዲያውም አደገ። ማንጠግቦሽ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ከማንም በላይ ለብ ባለው ውሃ ያቆየችው አድማሱን ነበር፤ ከማንም በላይ ትወደው ነበርና። ውሃውን በክርኗ እየለካች፣ ቀዝቃዛ እየጨመረች ታስገባው ነበር። እሱም ሁልጊዜ «እጅሽ ይባረክ» ይላት ነበር። እጇን እያየች ፀሐይ እስክትገባ ከዚያ ጭቃ አልተነሣችም።

ዓመት ሳይሞላ ታላቅ እህቷ የሺመቤት እያነከሰች መጣች። ነቀርሳው ቅልጥሟ ላይ ነበር። ውሃው ሲጨስ ስታይ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «በእናታችን አጥንት፣ ትንሽ ትንሽ እያልሽ አላምጂኝ» አለች። የገንዳው ሹም አባ ሳህሉም ተቆጡ።

«አባቶች ያቆዩትን ልትሽሪ ነው? ምነው፣ እህትሽ አይደለችም?»

«አባ፣ የሚለምደው እኮ እሷ ብቻ አይደለችም» አለች ማንጠግቦሽ እብጠቱን እያሳየች። «እሱም ይለምዳል።»

አባ ሳህሉ ጎንበስ ብለው እብጠቱን አዩት። ቀና ብለው «ብትሞት ከዚህ መንደር ትወጫለሽ» አሏት። እሷም እሺ አለች። የእህቷን እግር ይዛ የሚለበልበው ውስጥ አስገባች፤ የራሷም ክንድ አብሮ ገባ። የሺመቤት ጮኸች። «አንቺ የእናቴ ልጅ አይደለሽም። አፈር ብይ። የሚቀብርሽ አታግኚ» አለቻት። የቆሙት ሰዎች ጆሯቸውን ያዙ። ማንጠግቦሽ እግሩን አልለቀቀችም። በማግስቱ ገቡ፤ ተሰደበች፤ አልለቀቀችም። በሦስተኛውም ገቡ፤ ተሰደበች፤ አልለቀቀችም። ነቀርሳው ጠቆረ፣ ደረቀ፣ ወደቀ።

የሺመቤት በሁለት እግሯ መራመድ ስትጀምር ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ልትጠይቅ መጣች። ማንጠግቦሽ ድንጋዩን አወረደችላት።

«ተይው እህቴ» አለቻት። «ስድብሽ ይሻለኛል። አድማሱ እስኪሞት ድረስ ሲመርቀኝ ነበር።»

የሺመቤት እህቷን አቅፋ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ዳነ ብዬ አልዋሻችሁም። የሞተም አለ። ግን በፍልቂት ነቀርሳ ያለበት ሰው ለብ ባለው ገንዳ መሰንበቱ ቀረ። በገንዳው ዳር ለተነገረ ስድብም ሽማግሌ አይቀመጥ፣ ካሣ አይጠየቅ። በሽተኛ ይዞ የሚያስገባው ሰው ሲሰደብ የቆመው ሁሉ «እሰይ» ይላል። እስከ ዛሬም የሚወደውን ላለማስቀየም የሚያባብል ሰው ያዩ እንደሆነ፣ የዚያ አገር አዛውንቶች «ከሚመርቅ ሟች የሚሳደብ በሽተኛ ይሻላል» ይሉታል።