ቅጠሉ ያማረ በቆሎ

አንድ ጊዜ፣ አህያን ከጅብ ጥርስ የሚያስጥላት የአንበሳ ቃል ብቻ በነበረበት ዘመን፣ አንዲት ባልቴት አህያ ወንዝ ዳር ጣፋጭ በቆሎ ታለማ ነበር። አንበሳ በእሸት በዓሉ እንግዶቹን የሚያስተናግደው በሷ በቆሎ ነበርና «ጣፋጭ እሸት እስካመጣሽ ድረስ ማንም አይነካሽም» ብሏት ነበር። ምስኪኗ የምትኖረው በዚያች ቃል ነው።

በዚያ ዓመት በቆሎው ገና ጉልበት ሳይደርስ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። አህያዋ ተሸበረች። ይህን ያየ ቀበሮ ከሰዎች መጋዘን የወጣ ዩሪያ የሚባል ማዳበሪያ ይዞላት መጣ።

«እትዬ አህይት፣ መሬትዎ ተርቧል። ከየአገዳው ጎን ቆንጠር እያደረጉ አፈር ያልብሱት» አላት።

እውነቱን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ ወዙ ተመለሰ፤ አገዳውም ጠነከረ። እዚህ ላይ ብትተወው ኖሮ ይህ ተረት ባልተወራ ነበር።

ግን አህያ አህያ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የበላችው ቅጠልና አገዳ ነው፤ ፍሬውን የሚበሉት ሌሎች ናቸው። ማለዳ ማለዳ ማሳዋ ውስጥ እየገባች የምታየው ቅጠሉን ብቻ ነበር፤ ያውም ምራቋን እየዋጠች።

«አያ ቀበሮ፣ ትንሹ እንዲህ ካደረገ ብዙው ምን ያደርግ ይሆን?» አለችው።

ቀበሮ ከንፈሩን ላሰ። «እኔማ ምን አውቃለሁ፤ እርሻው የእርስዎ ነው። ካሉ ግን አያ ጅቦ ተሸክሞ ያመጣል።»

ጅብ የዩሪያውን ጆንያ እየጎተተ መጣ። መንገድ ላይ ጨው መስሎት ልሶ አፉ ተቃጥሏል።

«የማይበላ ነገር ለምን እሸከማለሁ? እኔ የምፈልገው...» ሊል ሲል ቀበሮ ጎሸመው።

«ለጎረቤት ነው! ጎረቤት ይረዳዳል» አለ ቀበሮ።

አህያዋ ሁለቱንም መረቀቻቸው። እንዴት አንጀት ትበላ ነበር!

ዝናብ በጣለ ቁጥር ዩሪያ ጨመረች። በቆሎዋ ከጎረቤቶቿ ሁሉ በቁመት በለጠ፤ ቅጠሉ ከልምላሜው ብዛት ጠቆረ። የሌሎቹ በቆሎ ፍሬ ሲይዝ የሷ ግን ገና መለምለሙን አልተወም። «ይዘግይ እንጂ ይበልጣል» እያለች ራሷን አጽናናች።

በዓሉ ደረሰ። አህያዋ የተሻለውን መርጣ ከነአገዳው ለአንበሳ አቀረበች። አንበሳ ሽፋኑን ገለጠው። ፍሬው እዚህም እዚያም ጎድሏል፤ ያለውም ገና ውሃ ነው። ቀምሶ ተፋው።

«ጣፋጩ የታለ?»

«ጌታዬ፣ ቅጠሉን ይዩልኝ! እንዲህ ያለ ቅጠል በአገሩ የለም እኮ!»

«ቅጠል የምትበዪው አንቺ ነሽ» አለ አንበሳ ቀዝቀዝ ብሎ። «እኔ እንግዶቼን ጾማቸውን ልሸኝ ነው። ቃሌም እዚህ ላይ አበቃ። እንግዲህ ራስሽን ጠብቂ።»

ዞር ስትል ጅብ ቆሟል። ሮጣ በቆሎዋ መሀል ገባች። ረጅም ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ይደብቀኛል ብላ ተስፋ አደረገች። አገዳውን ተደገፈች። በማዳበሪያ ብዛት የተመዘዘ አገዳ አቅም አልነበረውምና ተሰብሮ ወደቀ፤ አጠገቡ ያለውም ተከተለው። አህያዋ ሜዳ ላይ ቀረች።

«አያ ጅቦ፣ ስንት ጆንያ ተሸክመህልኝ የለም ወይ?» ብላ ለመነችው።

«መሸከሙንማ ተሸክሜያለሁ» አለ ጅብ። «ለምን እንደሆነ ግን ዛሬ ገና ገባኝ።»

ቀበሮ ማሳው ዳር ተቀምጦ የሚተርፈውን አጥንት ይጠብቅ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ በልኩ ሲሆን የሚያለማው ነገር ልኩን ሲያልፍ እንደሚያጠፋና፣ ዓይናችን በወደደው ልምላሜ ተታለን የደከምንለትን ፍሬ መርሳት እንደሌለብን ነው።