ጃርት የገዛችው ጉድጓድ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ የሐምሌ ዝናብ ነው፣ በሩ ጋ ያለኸውም ግባ። ተረት መጣላችሁ፣ «ይግባ» በሉት።

ጃርት ከከርከሮ ጉድጓድ ገዛች። ዋጋው በጋውን ሙሉ ጥፍሯ እስኪያልቅ የቆፈረችው ስኳር ድንች ነው። በዚያ አገር ደግሞ የጉድጓድ ባለቤት መንደሩ መሃል ባለው ዋርካ ላይ ምልክቱን ይጭራል። ጃርት «ያንተን ፍቀን የእኔን እንጫር» ብትለው፣ ከርከሮ «አበልጅ ሆነን? ልጅሽን ክርስትና ያነሳሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?» አላት። መቼም አበልጅ ይታፈራል፣ ምልክቷን ሳትጭር ልጆቿን ይዛ ገባች።

ከርከሮ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ያንኑ ጉድጓድ መያዣ አድርጎ ከዝንጀሮ በቆሎ ተበደረ። በላና ሳይከፍል ጠፋ።

ክረምት ሲገባ ዝንጀሮ ጉድጓዱን ሊወስድ መጣ።

«አያ ዝንጀሮ፣ እኔ እኮ ገዝቼዋለሁ። ስታበድረው ልጆቼን ደጃፉ ላይ አላየሃቸውም?» አለችው።

«እኔ ያየሁት ዋርካውን ነው፣ እመት ጃርት። ልጅ ግንድ ላይ አይጫርም» አላት።

ተያይዘው ዳኛ ዘንድ ሄዱ፤ ዳኛው ኤሊ ናቸው። ቀስ ብለው ዋርካውን ዞሩት። «የከርከሮ ክራንቻ እንጂ ያንቺ ጥፍር አልነካውም፣ ልጄ። ውጪለት» አሉ። እሳቸው ቤታቸውን ተሸክመው ነው የሚዞሩት፣ ምን ቸገራቸው።

ጃርት ዝናቡ ላይ ወጣች። ትንሹ ልጇ በብርድ ሞተባት፣ ትልቁ ተርፎ ከእሷ ጋር በየቋጥኙ ሥር ያድራል። ዝንጀሮ ጉድጓድ ውስጥ መች ይኖራል፣ ለቀበሮ ሸጠው። ኤሊም እስከ ዛሬ ይፈርዳሉ። ከርከሮ ወንዙን ተሻግሮ፣ እዚያም ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እዚያም አበልጅ አበጅቶ ይኖራል።