የእንጨት ቤቱና ቀይ ቀለሙ

የሚፈርስ ቤት ሁሉ ቀይ ቀለም በሚቀባበት ሰሞን፣ አንድ ሹም አጃቢዎቹን አስከትሎ፣ ባልዲ ሙሉ ቀለም አስይዞ አንዲት አሮጊት ግቢ ገባ። አሮጊቷ «አባቴ የሠሩት የእንጨት ቤትና የተከሉት አትክልት ቅርስ ነው» ብለው በማመልከታቸው ሰውየው በግኗል።

በረንዳው ላይ ወጥቶ ሳንቃውን በጫማው መታ መታ አደረገ።

«እማማ፣ ቅርስ ማለት ትልቅ ሰው የረገጠው ቤት ነው። እስቲ እዚህ የገባ አንድ ትልቅ ሰው ይጥሩልኝና ቀለሜን ይዤ ልመለስ።»

አጃቢዎቹ ሳቁ። አሮጊቷ ጽጌረዳ ከሚኮተኩቱበት ቀና አሉ።

«እስከ ዛሬ አንድም አልረገጠውም ጌታዬ፤ ሰባ ዓመት የቆመውም ለዚያ ነው። የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት፤ ይኸው ቀለም ይዘው መጡ።»