ከማማው የወረደ ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ማሽላ ዘሪ። ቁጭ በል ዋቅቶላ፤ ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ። ለልምምድ የቆመውን የገለባ ሰው ወግተህ ስትጨርስ ሳንጃህን ከጠብመንጃው ላይ ነቅለህ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ድሮን ከሰማይ ሰው ለቅሞ በሚመታበት ዘመን ይህን ቢላ ተሸክመን የምንዞረው ለምንድን ነው?» አልከኝ። ምልምል ጓዶችህም ሳቁ። ደግ ጠየቅክ፤ እኔ በጠያቂ አልቆጣም። በሚስቅ ግን እቆጣለሁ። ለመልሱ አትቸኩል። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ዝንጀሮ፤ የማጫውትህም ስለ ዝንጀሮ ነው።

ይህ ሰው እርሻው ገደል አፋፍ ላይ ነበር። በገደሉ ውስጥ የዝንጀሮ መንጋ ይኖራል። በዚያ አገር ማሽላ እሸት ሲይዝ ገበሬ ቤቱ አይውልም። በእርሻው መካከል እንጨት አቁሞ ማማ ይሠራል፤ እዚያ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ድንጋይ እየወረወረ እህሉን ይጠብቃል። የሰውዬው አባትም እንዲሁ ጠብቆ ነው ያሳደገው። አባትየው ግን ወንጭፍ ላይ እጁ ደካማ ነበር፤ ድንጋዩ ከዝንጀሮው ይልቅ ጎረቤቱን ያስደነግጥ ነበር ይባላል። የሚታወቀው በወይራ ሽመሉ ነው። ዝንጀሮ ሲመጣ ሽመሉን ይዞ ከማማው ይወርድና ወደ መንጋው ይሄዳል። ሌላ ጥበብ አልነበረውም።

ልጅየው ግን የተዋጣለት ወንጭፈኛ ሆነ። ከማማው ላይ ሆኖ ከገደሉ ማዶ ያለን የቁልቋል አበባ ለይቶ ይመታል። የገበያ ቀን ሰው መንገዱን ትቶ ሊያየው ይመጣ ነበር። አባቱ ሲሞት ሽመሉ ደረሰው፤ ምን ያድርገው? «ከሩቅ ከመታሁ አጠገቤ የሚደርስ የለም» አለ። የማማው መሰላል የታችኛው እርከን ተሰብሮበት ስለነበር ሽመሉን እንዳለ በቦታው አጋድሞ፣ ግራና ቀኙ እንደተረፈ በጠፍር አሰረው። ከዚያ በየቀኑ እየረገጠው ይወጣ ይወርድ ጀመር። ይህን እርከን እንዳትረሳው።

እኔ ሰውዬውን አልወቅሰውም። ድንጋይ ከሽመል ይርቃል፤ ጥይትም ከሳንጃ ይርቃል። ይህን የማያውቅ ወታደር ዕድሜው አጭር ነው።

መጀመሪያ ድንጋዩ ሠራለት። መንጋው ከገደሉ ብቅ ሲል ድንጋዩ ያፏጫል፤ መንጋውም ይበተናል። ግን አውሬ ሞኝ አይደለም። መንጋውን የሚመራ፣ ጋማው የረዘመ አውራ ዝንጀሮ ነበር፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሰውዬውን ሲያጠና ይውላል። ማሽላው ረዝሞ በተጠጋጋበት በኩል ድንጋዩ አገዳ ሰብሮ እንደሚቀር አየ። ከማማው ሥር ደግሞ ጨርሶ እንደማይደርስ አየ። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አየ፤ ይህ ሰው አይወርድም።

ከዚያ ወዲያ መንጋው ገላጣውን በሩጫ ያልፍና ማማው ሥር ይገባል። ሰውዬው ከላይ ይጮኻል፤ እነሱ ከታች እሸቱን ይሸለቅቃሉ። ሲወረውር የገዛ ማሽላውን ይሰብራል። ማሽላ እያረረ ይስቃል እንዲሉ፣ ጎረቤት ሲጠይቀው «ዘንድሮ እንግዳ በዝቶብኛል» እያለ ይቀልድ ነበር። ቤቱ ግን ሌላ መተዳደሪያ አልነበረውም። ጎተራው ተጠርጎ አልቋል፤ ልጆቹ እሸቱ እስኪደርስ ቅጠል ቀቅለው ይበላሉ። ያ ማሽላ ከተበላ ቤት ዘግቶ መሰደድ ነው።

ሚስቱ ከወንዝ ድንጋይ ለቅማ በእንቅብ ታመጣለት ነበር። አንድ ቀን ድንጋዩን ከማማው ሥር ዘረገፈችና ቀና ብላ አየችው።

«ነገ ተለቅ ተለቅ ያለውን አምጪ» አላት።

«ድንጋይ መች አነሰህ?» አለችው። «አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንዲት ዝንጀሮ በድንጋይ ሲመቱ አይቼ አላውቅም። ከማማው ሲወርዱ ግን ገደሉ ጸጥ ይል ነበር። አንተን እኮ ለምደውሃል። እንደማትወርድ ያውቃሉ።»

«ወርጄ ቢዘነጣጥሉኝስ? እናንተን ማን ያበላል?»

«አሁንስ ማን እያበላን ነው?» አለችና ባዶ እንቅቧን አንሥታ ሄደች።

ሰውዬው ቀኑን ሙሉ በሽቆ ዋለ።

በማግስቱ ማለዳ ጉም ወረደ። ሰውዬው ማማው ላይ ቆሞ ከገዛ እግሩ በቀር የሚታየው ነገር አልነበረም። ያ ሁሉ የወንጭፍ ጥበብ በዚያች ማለዳ ከንቱ ሆነ። ከታች ግን ይሰማዋል፤ አገዳው ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ግልገሎቹ እየተንጫጩ ይጫወታሉ። መንጋው በሙሉ ማማው ሥር ነበር። ልብ በል ዋቅቶላ፤ እዚያው ቢቀመጥ ማንም አይነካውም። ጉሙ እስኪገለጥ ጋቢውን ተከናንቦ መተኛት ይችል ነበር። ፈሪ የሚለውም አልነበረም፤ በጉም ማን ይዋጋል?

ወንጭፉን መታጠቂያው ውስጥ ሻጠና ወረደ። መሬት ሲደርስ ዞሮ ጠፍሩን ፈታ፣ የአባቱንም ሽመል ከመሰላሉ ነቀለ። የመሰላሉ እርከኖች የተራራቁ ስለነበሩ ያለዚያ እንጨት ወደ ላይ መወጣጫ የለም። ይህን እያወቀ ነው የነቀለው።

አውራው ዝንጀሮ ከአገዳው መካከል ወጥቶ ቆመና ክራንቻውን አሳየው። ሰውዬው አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። አውራው ዘሎ መጣና የጋቢውን ጫፍ ቦጭቆ ተመለሰ፤ ሊፈትነው ነው። ሰውዬው ጋቢውን ከትከሻው ጣለና እንደገና ወደፊት ሄደ። አልጮኸም፤ ሽመሉንም አልሰነዘረም። «የልጆቼን አትበላም» አለ፤ ከጎረቤት ጋር በሚነጋገርበት ድምፅ። አውራው ዓይኑን ከሰውዬው ወደ ማማው፣ ከማማው ወደ ሰውዬው አመላለሰ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላው አፈገፈገ። እሱ ማፈግፈግ ሲጀምር መንጋው በሙሉ ወደ ገደሉ ፈሰሰ። ሽመሉ ማንንም አልነካም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ዋናው እንዲያውም ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጉሙ ሲገለጥ ሰውዬው ሌላ እንጨት ቆርጦ መሰላሉን ጠገነና ማማው ላይ ወጣ። ሽመሉን ግን ከጎኑ አጋደመው። በሌላ ቀን መንጋው ብቅ ሲል አንድ ድንጋይ ወረወረ። ወንጭፉ ያው ወንጭፍ፣ ድንጋዩም ያው የወንዝ ድንጋይ ነው። መንጋው በዚያች በአንዷ ተመለሰ። ከድንጋዩ ኋላ የሚወርድ ሰው እንዳለ አውቀዋላ። የዚያ ዓመት ማሽላ ጎተራ ገባ፤ ልጆቹም በአገራቸው አደጉ።

እንግዲህ ዋቅቶላ፣ ማማው ምሽግህ ነው። ወንጭፉ ጠብመንጃህ፣ መድፉ፣ በሰማይ የሚዞረውም ድሮን ነው። ሽመሉ ይህ የሳቃችሁበት ሳንጃ ነው። ዝንጀሮ ድሮን የለውም ልትለኝ አፍህን ከፍተሃል፤ ዝጋው። የለውም። ጠላትህ ይኖረዋል፤ አንተም ይኖርሃል፤ ሁለቱም ሰማይ ላይ ይውላሉ። ምሽግ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ድሮን ግን አላየሁም። በመጨረሻ አንድ ሰው በእግሩ መግባት አለበት። ወይ አንተ ትገባበታለህ፣ ወይ እሱ ይገባብሃል።

ሳንጃ ዘመኑ አልፎበታል ሲሉኝ ኖረዋል። የሳንጃውን ትምህርት ሰርዝና ሰዓቱን ለሌላ አውለው ያሉኝም አሉ፤ ከእኔ በላይ ማዕረግ ያላቸው። አልሰረዝኩም፤ አልሰርዝምም። እኔ በዚህ ሜዳ እስካለሁ የገለባው ሰው እዚያ ይቆማል። ከፈለጉ እኔንም ከጎኑ ያቁሙኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ በውጊያ ዘመኔ ሁሉ በሳንጃ የወጋሁት ሰው የለም። ቆርቆሮ ከፍቼበታለሁ፣ ገመድ ቆርጬበታለሁ፣ ደም የሚፈሰውን ጓዴን ሱሪ ቀድጄ ቁስሉን ያሰርኩት በሱ ነው። ለዚህ ለዚህ ሰንጢም ይበቃ ነበር። እኔ ሳንጃ የማስይዝህ ለሌላ ቀን ነው። ጥይትህ አልቆ፣ ሬዲዮው ዝም ብሎ፣ ጉም ወርዶ ጠላት ምሽግህ አፍ ላይ ሲደርስ ልብህ «ተከናንበህ ተኛ» ይልሃል። የማንም ልብ ይላል፤ የእኔም ብሏል። ያን ጊዜ እጅህ ከልብህ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር እንዲኖር ነው በገለባ ሰው የማደክምህ። ወርደህ የምትቆም መሆንህን ጠላት ካወቀ ደግሞ ጥይትህም ይከበርልሃል። ሳንጃው ስንት ሰው ገደለ እያልክ የምትቆጥር ከሆነ ምንም አታገኝም፤ የዚያ ሰውዬ ሽመልም ማንንም አልገደለም።

በል ተነሥ። ጓዶችህ መሳቁን ትተዋል፤ ሄደህ መስመርህ ላይ ቁም። ትእዛዝ ስሰጥ ሳንጃው ጠብመንጃህ ላይ ሲገባ ቀጭ ይላል። ያን ድምፅ በሰማህ ቁጥር መሰላሉን አስብ፤ እርከኑን የነቀልከው አንተው ነህ፤ ወደ ላይ መመለሻ የለም፤ ከኋላህ ያሉት ልጆች ደግሞ አልበሉም።

ሳንጃ ሰካ።